በገጠር የሚያገለግል ሁለገብ የእሳት አደጋ መኪና፦ ከክብደት ስሌት እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ለገጠር ተብለው የሚሠሩ የእሳት አደጋ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፉት በሦስት ስህተቶች ነው። አንደኛው፣ ታንከሩ ከሁሉም በፊት ይመረጥና መኪናው ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ፓምፑ በርክክቡ ዕለት ከራሱ ታንከር ውሃ በሚገባ ሲገፋ ቢታይም፣ ወንዝ ዳር ሲቆም ግን ጠብታ አይስብም። ሦስተኛው፣ ዕቃው ተሟልቶ ሳለ በሌሊት የሚፈለገው ዕቃ ከማይፈለገው ሥር ተቀብሮ ይገኛል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተደረደሩት እነዚህን ስህተቶች ከመፈጠራቸው በፊት ለማስቀረት ስለሆነ ቅደም ተከተላቸውን አይለውጡ።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በጽሑፍ ይወስኑ

መኪናው የሚጠበቅበትን ሥራ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ የሣርና የቁጥቋጦ እሳት፣ የቤትና የጎተራ እሳት፣ የመንገድ አደጋ፣ ውሃ ማመላለስ ወይም ከእነዚህ የተወሰኑት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ሥራ መኪናው የሚደርስበትን መጥፎ መንገድ፣ ጠባቡን ድልድይና የድልድዩን የመሸከም አቅም፣ የቅርቡን የውሃ ምንጭ ርቀትና ጥልቀት፣ እንዲሁም አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ያስፍሩ። ከፍታውን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሞተሩንም የፓምፑንም አቅም የሚቀንስ በመሆኑ በደረጃ 3 እና 6 እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን በወረቀት ላይ ያስሉ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ስሌት ይጨርሱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ «ታንከሩን ትንሽ ከፍ እናድርገው» በተባለ ቁጥር የሚጨመረው ክብደት ትንሽ አይደለም። ስሌቱ ሁልጊዜ ከተፈቀደው አጠቃላይ ክብደት ተነሥቶ ወደ ውሃው መውረድ አለበት። ለምሳሌ የተፈቀደለት አጠቃላይ ክብደት ከነጭነቱ 12,000 ኪሎ ግራም የሆነ ሻንሲ ቢኖር፦

ሻንሲው ከነጋቢናው፦ 4,900
የዕቃ ሳጥኖቹና ደጋፊ ፍሬሙ፦ 1,500
ፓምፑና የብረት ቧንቧዎቹ፦ 450
ባዶው ታንከር፦ 350
አምስት ሠራተኞች ከነመከላከያ ልብሳቸው፦ 450
ቱቦዎች፣ መሰላልና መሣሪያዎች፦ 900
ለወደፊት የሚተው መጠባበቂያ፦ 600

ድምሩ 9,150 ኪሎ ግራም ስለሆነ የሚቀረው 2,850 ነው። ከዚህ ላይ ከውሃ ጋር የሚደባለቅ 100 ሊትር የአረፋ ፈሳሽ (ደረጃ 5ን ይመልከቱ) ሲቀነስ 2,750 ይቀራል፤ ትክክለኛው ውሳኔ እንግዲህ 2,500 ሊትር ታንከር ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ስለሆኑ በእርስዎ ሻንሲ ቁጥሮች ይተኳቸው። መጠባበቂያውን ግን አይንኩት፤ መኪናው አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ በየጊዜው አዲስ ዕቃ መጫኑ አይቀርም።

አጠቃላይ ክብደቱ ትክክል ሆኖ ሳለ አንደኛው አክስል ከአቅሙ በላይ ሊጫን ስለሚችል ክብደቱን በአክስል ይከፋፍሉት። የእያንዳንዱን ከባድ ዕቃ ክብደት ከፊት አክስል እስከ ዕቃው መሃል ባለው ርቀት ያባዙና በሁለቱ አክስሎች መካከል ባለው ርቀት ያካፍሉ፤ ውጤቱ የኋላ አክስል ድርሻ ነው። አክስሎቹ በ4 ሜትር ቢራራቁና የ2,500 ኪሎው ውሃ መሃል ከፊት አክስል 3.2 ሜትር ላይ ቢያርፍ፣ 2,000 ኪሎው ወደ ኋላ፣ 500 ኪሎው ወደ ፊት ይሄዳል። ያው ውሃ 4.4 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከኋላ አክስል አልፎ ቢቀመጥ፣ የኋላው 2,750 ይሸከማል፤ የፊቱ ደግሞ 250 ኪሎ ይቃለላል። የፊት ጎማው የተቃለለ መኪና በረባዳና በጭቃ መንገድ ላይ መሪው አይታዘዝም።

ስሌቱ አልገጥም ካለ የሚቀነሰው ውሃው ነው። የፍሬን፣ የጎማ ወይም የሠራተኛ መቀመጫ ክብደት ቀንሶ ውሃ መጨመር በማናቸውም ሁኔታ አይፈቀድም።

ደረጃ 3፦ ሻንሲውን ይምረጡ

የአውሮፓው ኢ.ኤን. 1846 መለኪያ የእሳት አደጋ መኪኖችን እንደሚሄዱበት መሬት ለከተማ፣ ለገጠርና ከመንገድ ውጭ ለሚሠራ ብሎ በሦስት ይከፍላቸዋል። ለሁለገብ ሥራ ቢያንስ የሁለተኛው ክፍል አቅም ያለውን ይምረጡ፤ ሜዳ ላይ የሣር እሳት ማሳደድ በደረጃ 1 ከተጻፈ ደግሞ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ይያዙ። ከመሬት ያለውን ከፍታ ብቻ ሳይሆን የፊትና የኋላ መወጣጫ ማዕዘኖቹንም (አካሉ መሬት ሳይነካ መኪናው ዳገት የሚጀምርበትንና ቁልቁለት የሚጨርስበትን) ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሻንሲ የሚበላሸው ከኋላ በተንጠለጠለ የፓምፕ ሳጥን ወይም ወደ ታች በወረደ ደረጃ ነው።

ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ በግምት አንድ አሥረኛውን ያጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚሠራ መኪና ቱርቦ ያለው ሞተር ያስፈልገዋል፤ የፓምፑም ኃይል ከዚያው ሞተር የሚወሰድ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

የሚቃጠል ሣር ላይ የሚሄድ መኪና ሥሩ መጠበቅ አለበት። የፍሬን የአየር ቱቦዎችን፣ የነዳጅ መስመሮችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ሙቀት በሚከላከል ሽፋን ያስሸፍኑ፤ የማርሚታውን መውጫ ከደረቅ ሣር በሚርቅ አቅጣጫ ያስዙሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሻንሲው ዋና ፍሬም ላይ አያስበይዱ፤ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈሩንም አያስበሱ። የሻንሲው አምራች የፈቀደውን የመብሻ ቦታ በመከተል በቡሎን ብቻ ያሳስሩ። በሌላ የመኪናው ክፍል ላይ ብየዳ የግድ ከሆነ አስቀድመው ባትሪውን ይፍቱ፤ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎችንም አምራቹ እንዳዘዘው ያላቅቁ።

ደረጃ 4፦ ታንከሩን ያሠሩ

ውሃ በታንከር ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይገሰግሳል፤ የሚያስፈራውም ከሞላው ይልቅ በከፊል የጎደለው ታንከር ነው። ስለሆነም፦

1. ውስጡን በርዝመትም በስፋትም በሚገድቡ ግድግዳዎች ይክፈሉት። በአሜሪካው የብሔራዊ እሳት መከላከያ ማኅበር (ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ.) መለኪያ መሠረት በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ1.2 ሜትር መብለጥ የለበትም። ግድግዳዎቹ ከታች ውሃ፣ ከላይ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑራቸው።
2. ከላይ ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአየርና የትርፍ ውሃ መውጫ ያስገቡ። መውጫው ከጠበበ ፓምፑ በፍጥነት ሲስብ ታንከሩ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ፣ በፍጥነት ሲሞላም ሊነፋ ይችላል። የሚፈሰው ትርፍ ውሃ ከኋላ ጎማ በስተኋላ እንዲወርድ ያድርጉ፤ አለበለዚያ መኪናው በራሱ ጭቃ ይዋጣል።
3. ከሥሩ ደለል የሚጠራቀምበት ጉድጓድና ማፍሰሻ ያሠሩ። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቧንቧ ከጉድጓዱ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምር።
4. ከታንከር ወደ ፓምፕ በሚሄደው ቧንቧ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ያስገቡ። ይህ ከሌለና ፓምፑ ከሌላ መኪና በግፊት ውሃ ሲቀበል የታንከሩ ቫልቭ ክፍት ከሆነ፣ ግፊቱ ተመልሶ ታንከሩን ሊሰነጥቀው ይችላል።
5. ታንከሩን በሻንሲው ላይ በግትር አያሳስሩት። በወጣ ገባ መንገድ ፍሬሙ ይጠማዘዛል፤ ታንከሩ ግን አይጠማዘዝም። በጎማ ትራስ ላይ ወይም በሦስት ነጥብ በሚያርፍ ደጋፊ ፍሬም ላይ ይቀመጥ።

ተራ ብረት ውስጡ ስለሚዝግ ዝገቱ ማጣሪያንና ኖዝልን (የቱቦውን የመርጫ አፍ) ይዘጋል፤ አቅም ከፈቀደ አይዝጌ ብረት ወይም ወፍራም የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ ፓምፑንና የመርጫ መስመሩን ያጣጥሙ

ፓምፑ ታንከሩን በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርሰው ያስቡ። በደቂቃ 200 ሊትር የሚረጭ አንድ ኖዝል 2,500 ሊትሩን በ12 ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል፤ ሁለት ኖዝሎች በስድስት ደቂቃ ገደማ። በዚህ መጠን ላለ መኪና በ10 ባር ግፊት በደቂቃ 1,000 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይበቃል፤ በኢ.ኤን. 1028 መለኪያ ኤፍ.ፒ.ኤን. 10-1000 የሚባለው እርሱ ነው። የበለጠ ትልቅ ፓምፕ ታንከሩን ቶሎ ከማድረቅና ክብደት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የሚሰጠው ብዙ ውሃ በቅርብ ካለ ብቻ ነው።

ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ። ከካምቢዮው ኃይል የሚወስድ ፓምፕ ብርቱና ቀላል ነው፤ ሆኖም በብዙዎቹ አሠራሮች መኪናው እየሄደ መርጨት አይቻልም፤ ቢቻልም የመኪናው ፍጥነት ሲለዋወጥ ግፊቱ አብሮ ይለዋወጣል። የሣር እሳት ዋና ሥራዎ ከሆነ የራሱ ሞተር ያለው ሁለተኛ ትንሽ ፓምፕ ይጨምሩ። በእኔ አመለካከት ለገጠር መኪና ከዚህ የተሻለ ጭማሪ የለም፤ ዋናው ፓምፕ ቢበላሽ እንኳ መኪናው ባዶ እጁን አይቀርም፤ ተነሥቶ የሚሸከሙት ዓይነት ከሆነ ደግሞ መኪናው ወደማይደርስበት ገደል ሥር ይወርዳል።

ከፓምፑ ወደ ታንከሩ የሚመለስ ቀጭን መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። ኖዝሎቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ ሲሽከረከር በውስጡ የቀረው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል፤ በኋላ ኖዝሉን የሚከፍተውንም ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

በቱቦ ውስጥ የሚጠፋውን ግፊት ይቁጠሩ። በ38 ሚሊ ሜትር ቱቦ በደቂቃ 200 ሊትር ሲያልፍ በ100 ሜትር ርዝመት በግምት 1.5 ባር ይጠፋል፤ ፍሰቱ ወደ 400 ቢያድግ የሚጠፋው ሦስት ሳይሆን 6 ባር ያህል ነው፤ ምክንያቱም ፍሰቱ በእጥፍ ሲያድግ ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ዳገት አንድ ባር ይጨመራል። ስለዚህ ለረጅም ርቀት 65 ወይም 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ዘርግተው ከጫፉ ላይ ወደ 38 ያውርዱ። ከጎረቤት የእሳት አደጋ ክፍሎች ጋር አብሮ ለመሥራት የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ዓይነት አንድ መሆን አለበት፤ አንድ ካልሆነ ማስማሚያዎቹን በፓምፑ አጠገብ በቋሚነት ያስቀምጡ።

አረፋን በተመለከተ፣ ለሣር፣ ለእንጨትና ለጭድ የሚሆነው አረፋ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ብቻ ይደባለቃል። መቶ ሊትር በ0.5 በመቶ ለ20,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ለስምንት ሙሉ ታንከር ይበቃል። ለነዳጅ እሳት የሚሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሲሆን በ3 ወይም በ6 በመቶ ይደባለቃል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ውስጥ አይቀላቅሉ።

ደረጃ 6፦ ከወንዝና ከኩሬ የሚስበውን መስመር ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያወጣም፤ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት ውሃን በስሌት እስከ 10.3 ሜትር፣ በተግባር ግን ወደ 7 ሜትር ከፍ ያደርጋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በስሌትም 8 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚቀር በተግባር ከ5 ሜትር በላይ አይተማመኑ፤ ከ3 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ከተገኘ ደግሞ እርሱን ይምረጡ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ፓምፑ የሚሰጠው የውሃ መጠንም ይቀንሳል።

የሚያስፈልጉት፦ አየር ሲወጣለት የማይጨማደድ 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር የመሳቢያ ቱቦ፣ በድምሩ ቢያንስ 6 ሜትር፤ ቀዳዳዎቹ ከፓምፑ ውስጣዊ መተላለፊያ የሚጠቡ ማጣሪያ፤ ለጥልቀት አልባ ኩሬ የሚንሳፈፍ ማጣሪያ፤ ገመድ፤ የመጋጠሚያ ቁልፎች፤ ትርፍ የጎማ ጓርኒሲዮኖች።

አሠራሩ፦

1. መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ። የወንዝ ዳር አፈር ከላይ ደርቆ ከሥር ሊርስ ስለሚችል አስቀድመው በእግር ይፈትሹት።
2. ቱቦዎቹን ከመግጠምዎ በፊት የእያንዳንዱን ጓርኒሲዮን በጣት ይዳስሱ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አየር ለማስገባት ትበቃለች።
3. ማጣሪያውን በገመድ አስረው ይንከሩት። ከላይ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይኑረው፤ ወለሉንም አይንካ።
4. ቱቦው ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ መውጣት አለበት። በመሃል ጉብታ ከሠራ እዚያ አየር ይታመቃል።
5. የፓምፑን መውጫዎች፣ ማፍሰሻዎችና የታንከሩን ቫልቭ በሙሉ ይዝጉ።
6. የአየር ማውጫውን ያስነሡ። ውሃው ሲደርስ የግፊት መለኪያው ይነሣል፤ አየር ማውጫውን ያጥፉና መውጫውን በዝግታ ይክፈቱ።

ውሃው በ45 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ያቁሙ። አየር ማውጫውን አለማቋረጥ ማስኬድ እርሱን ያቃጥለዋል እንጂ ውሃ አያመጣም።

ፓምፑ አልስብ ሲል

በመሳቢያው በኩል ያለውን መለኪያ ይመልከቱ፤ መልሱ እዚያ ላይ ነው።

መለኪያው ከዜሮ ካልተነቃነቀ አየር በብዛት እየገባ ነው። ክፍት የቀረ ማፍሰሻ፣ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ወይም ከውሃው ወለል ወጥቶ የቀረ ማጣሪያ ይፈልጉ። ታንከሩ ባዶ ከሆነ የታንከሩን ቫልቭ ይጠርጥሩ፤ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ በታንከሩ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ፓምፑ ያስገባል። ጥቂት ውሃ ታንከሩ ውስጥ ቢጨምሩበትና መሳብ ቢጀምር ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው።

መለኪያው በኃይል ወርዶ ውሃው ግን ካልመጣ መስመሩ ታፍኗል ወይም ከፍታው በዝቷል። ማጣሪያው በቅጠል ወይም በጭቃ መሸፈኑን ያጣሩ፤ ካልተሸፈነ መኪናውን ወደ ውሃው ደረጃ ዝቅ አድርገው ያቁሙ።

ውሃው ከመጣ በኋላ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ድምፅ ካሰማ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው በልጧል። የሠራተኛው የመጀመሪያ ስሜት ጋዝ መጨመር ነው፤ ይህ ግን የፓምፑን ክንፍ እየቦረቦረ ያጠፋዋል። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፍጥነቱን ይቀንሱ ወይም አንዱን መውጫ ይዝጉ።

ደረጃ 7፦ ዕቃውን በቦታው ያኑሩ

ዕቃውን የሚደረድሩት በብዛቱ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚፈለግበት ቅደም ተከተል ነው። መኪናው ከቆመ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚነሡት፣ ማለትም የመጀመሪያው የመርጫ ቱቦ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው፣ የእጅ ባትሪውና መጥረቢያው መሬት ላይ የቆመ ሰው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ይሁኑ። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይቀመጥ፤ ይህ ለጀርባም ለመኪናው ሚዛንም ይጠቅማል።

ለሣር እሳት አካፋ፣ ዶማ፣ ሬክ፣ የእሳት መምቻ፣ የሞተር መጋዝና 20 ሊትር የሚይዙ በጀርባ የሚታዘሉ መርጫዎች ይያዙ። ለቤት እሳት መሰላል፣ ዲጂኖ፣ ረጅም ሜንጦና ቢያንስ አራት የመተንፈሻ መሣሪያ ከነትርፍ ሲሊንደሩ ያስፈልጋል፤ ሁለት ሲገቡ ሁለት ለማዳን ተዘጋጅተው ውጭ መቆም ስላለባቸው ሁለት ብቻ መያዝ አይበቃም። ለመንገድ አደጋ በባትሪ የሚሠራ መቁረጫና መፈልቀቂያ፣ ተሽከርካሪው እንዳይንሸራተት የሚደግፉ እንጨቶች፣ ቃሬዛና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይበቃሉ። ውሃ ለማመላለስ ታጥፎ የሚቀመጥ ገንዳ ይያዙ፤ አመላላሹ መኪና ውሃውን እዚያ ገልብጦ ወዲያው ሲመለስ የእርስዎ ፓምፕ ሳያቋርጥ ይሠራል።

በጋቢናው ውስጥ ያልታሰረ ዕቃ አይኑር። መኪናው ሲገለበጥ አንድ ሲሊንደር በውስጥ ያሉትን ሰዎች ይገድላል። ሠራተኛ የሚጓዘው ቀበቶ ባለው መቀመጫ ላይ ብቻ ነው፤ በኋላ ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም በጣሪያው ላይ ተቀምጦ መሄድን ዲዛይኑ ራሱ የማይፈቅድ አድርገው ያሠሩት።

መብራት በሁሉም ጎን፣ በፓምፑ መቆጣጠሪያ ላይና በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ይኑር። የሣጥን በር ክፍት ሲቀር በጋቢናው ውስጥ የሚበራ ማስጠንቀቂያም ያስገጥሙ።

ደረጃ 8፦ ሳይረከቡ ይፈትሹ

1. ታንከሩ ሞልቶ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ ሠራተኞቹም ተቀምጠው መኪናውን በምድር ሚዛን ላይ ያስመዝኑ፤ በመጀመሪያ በሙሉ፣ ከዚያ በየአክስሉ፣ በመጨረሻም በየጎማው። በኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. መሠረት በአንድ አክስል የግራና የቀኝ ልዩነት ከ7 በመቶ ማለፍ የለበትም። ካለፈ ሣጥኖቹን አዛውረው እንደገና ያስመዝኑ።
2. የደረቅ ፍተሻ ያድርጉ። ፓምፑን አድርቀው፣ የመሳቢያውን ቱቦ ገጥመው፣ ጫፉን ደፍነው አየሩን ያስወጡ። መለኪያው ከውጭው አየር ግፊት ወደ 0.75 ባር ዝቅ ካለ በኋላ ሞተሩን ያጥፉ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ0.34 ባር በላይ መመለስ የለበትም። ደጋ ላይ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ 0.75 ላይደርስ ይችላል፤ ያኔ ለከፍታው የተስተካከለውን ቁጥር ይጠቀሙ። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚጠባበት ቦታ ቀዳዳው ነው።
3. ከኩሬ ወይም ከወንዝ እየሳበ በሙሉ አቅሙ ለአንድ ሰዓት ያህል ያሠሩት። የሞተሩን ሙቀት ይከታተሉ፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝ የጉዞ ነፋስ የለም።
4. ታንከሩ በግማሽ ሞልቶ ፍሬንና መታጠፊያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞክሩ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ሹፌሩ የውሃውን ግፊት በመሪው ላይ ሊያውቀው ይገባል።
5. በሌሊት፣ የመንገድ መብራት በሌለበት ቦታ፣ ሠራተኞቹ ከየሣጥኑ ዕቃ እንዲያወጡ ያድርጉ። የተፈለገውን ዕቃ ለማውጣት ሌላ ዕቃ ማንሣት የተገደዱበትን ቦታ ሁሉ መዝግበው ደረጃ 7ን እንደገና ይሥሩ።

ክብደቱ ከስሌቱ በልጦ ከተገኘ ታንከሩ በከፊል ሞልቶ እንዲሄድ መስማማት መፍትሔ እንዳይመስልዎት፤ ይህ ደረጃ 4 ላይ የተነገረውን አደጋ በየዕለቱ ይዞ መጓዝ ነው። ዕቃ ይቀንሱ፤ ያ ካልበቃ ታንከሩ በአነስተኛ ይለወጥ። የመጨረሻውን የሚዛን ውጤት በሚነበብ ሰሌዳ ላይ ጽፈው በሹፌሩ ፊት ለፊት ይለጥፉት፤ ከዚያ በኋላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ዕቃ ሲጨመር ቁጥሩ እዚያው ይታደስ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ መኪናው ከነጭነቱ ወደ ሚዛን ይመለስ።